ቀለሙን ስናነሳ ሌላ ምን እናነሳለን? የመኪና ሞተርን እንደገና ከመቀባት በፊት አሮጌውን ቀለም ስለማስለቀቅ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ በተናጋሪው የታየ)

 

የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንደተለጠፈ አንድ ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ፣ «ዶክተር፣ ቀለም ለመፋቅም ንግግር ያስፈልጋል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚያስከፋ አይደለም። ቀለም መፋቅ በጋራዥ ውስጥ ለጀማሪው ረዳት የሚተው ሥራ ነው። ዋናው መካኒክ ቴስታታውን ይፈታል፣ ሲሊንደሩን ይለካል፤ ልጁ ደግሞ የሽቦ ብሩሽና አንድ ጣሳ ፈሳሽ ተሰጥቶት «ይህን አጽዳ» ይባላል። እኔም ዛሬ የምናገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀላል ተብሎ ለታናሹ ሰው የሚሰጠው ይህ ሥራ፣ ከሞተር እድሳት ሥራዎች ሁሉ ኬሚስትሪው የበዛበትና አደጋውም የከበደበት ሥራ ነው።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከመነሻው ላስቀምጠው። ቀለምን የሚያነሳ ነገር ሁሉ ከቀለሙ ጋር ሌላም ነገር ያነሳል። አንዱ ብረቱን ይበላል፤ ሌላው አሸዋውን በሞተሩ ሆድ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ሦስተኛው የሠራተኛውን ትንፋሽ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ጣሳውን ከመክፈቱ በፊት «ይህ ነገር ቀለሙን ያነሳልኛል ወይ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። «ከቀለሙ ሌላ ምን ያነሳል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለተኛውን ጥያቄ በግማሹ ብቻ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ከራሴ ስሕተት ተምሬዋለሁ፤ ወደ እርሱም እመጣለሁ።

አንድ ሞተር፣ ብዙ ብረቶች

ነገሩን በምናውቀው ሞተር ላይ እንመልከተው። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችውን የላዳ ታክሲ ያውቃታል። ላዳ በሶቪየት ኅብረት፣ በቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተች፣ መሠረቷም የጣሊያኑ ፊያት 124 የሆነ መኪና ናት። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ማስተማር በጀመርሁበት ሰሞን፣ ከአገልግሎት የወጣች የአንዲት ላዳ ሞተር ለማስተማሪያ እንድትሆነን ገዝተን ነበር። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ቀለሙ ተነሥቶ እንደገና ተቀባ፤ ከዚያም በተማሪዎች ፊት ቆመ። ዛሬ የምነግራችሁን አብዛኛውን ያስተማረኝ ያ ሞተር ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ሞተር አንድ ብረት ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን የልዩ ልዩ ብረቶች ማኅበር ነው። የላዳ ሞተር ብሎክ ከካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ቴስታታው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ከፊት በኩል ያለው የሰንሰለቱ ሽፋንና የውኃ ፖምፓው አካል እንዲሁ አሉሚኒየም ናቸው። ከሥር ያለው የዘይት ቋት ስስ የብረት ቆርቆሮ ነው። በብሎኩ ጎን የውኃውን መንገድ የሚዘጉት ክብ መድፈኛዎችም ስስ ቆርቆሮ ናቸው። በመካከላቸው የጎማ ማኅተሞችና የወረቀት ጓርኒሲዮኖች አሉ። ከዘይት ፊልትሮው በላይ ደግሞ በብሎኩ ላይ ጎልታ የምትታይ አነስተኛ ጠፍጣፋ ቦታ አለች፤ የሞተሩ ቁጥር የታተመው በእርሷ ላይ ነው።

ይህን የምዘረዝረው አንድ ዓይነት ፈሳሽ በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት እንደማይሰጥ አስቀድመን እንድንረዳ ነው። ለካስት አይረኑ መድኃኒት የሆነው ለአሉሚኒየሙ መርዝ ይሆናል።

መነሣት ያለበትስ ሁሉም ነውን?

አዲስ ቀለም ከሥሩ ካለው ሽፋን የበለጠ ጥንካሬ ሊኖረው አይችልም። ከሥር ያለው አሮጌ ቀለም በዘይት ተነክሮ ወይም በዝገት ተገፍቶ ከተላቀቀ፣ ከላይ የቀባነው ምንም ያህል ውድ ቢሆን አብሮ ይነሣል። በአንጻሩ ደግሞ ከብረቱ ጋር በጽኑ የተያያዘ አሮጌ ቀለም ጥሩ መሠረት ነው። እርሱን ሙሉ በሙሉ ለማንሣት መታገል ጊዜን፣ ገንዘብንና ጤናን ያለ ጥቅም ማባከን ነው።

የቱ ጽኑ፣ የቱ የላላ እንደሆነ ለማወቅ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ማንኛውም ጋራዥም ሊያደርገው ይችላል። በስለታም ምላጭ ስድስት ትይዩ መሥመሮች እስከ ብረቱ ድረስ ይቈረጣሉ፤ ከዚያም እነርሱን የሚያቋርጡ ሌሎች ስድስት መሥመሮች ይጨመራሉ። በመሥመሮቹ መካከል ያለው ርቀት እንደ ቀለሙ ውፍረት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። በላዩ ላይ ጠንካራ ፕላስተር ተለጥፎ ይላጣል። ትንንሾቹ አራት ማዕዘኖች በቦታቸው ከቀሩ ቀለሙ ጽኑ ነው፤ ዳርና ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በላዩ መቀባት ይቻላል። አራት ማዕዘኖቹ ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ ግን መነሣት አለበት። በሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው ዘይት በሚያፈስባቸው መጋጠሚያዎች አካባቢና ሙቀት በሚበዛበት በጭስ መውጫው በኩል ነው።

ከሁሉ በፊት ቅባቱ

ቀለም ከመነካቱ በፊት ቅባቱ መውጣት አለበት። ቅባት ባለበት ላይ የሽቦ ብሩሽ ማዞር ቅባቱን ወደ ብረቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ማስገባት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራዋል።

በብዙ ጋራዦች ሞተር የሚታጠበው በቤንዚን ነው። እባካችሁ ይህን ልማድ እንተው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ይህም ማለት በአዲስ አበባ በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ሰዓት ለእሳት የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። በውስጡም ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ቤንዞል አለ። ነጭ ጋዝ ትነቱ የሚቀጣጠለው ከ38 ዲግሪ በላይ በመሆኑ በንጽጽር የተሻለ ነው፤ ሆኖም እርሱም ከእሳት መራቅ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ወፍራሙን ቅባት በእንጨት መፋቂያ አንሥቶ፣ የቀረውን በሙቅ ውኃና በልብስ ሳሙና ዱቄት በብሩሽ ማጠብ ነው።

ከመታጠቡም በፊት ወደ ሞተሩ ሆድ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ሁሉ ይደፈኑ፤ የካንዴላው፣ የካርቡራተሩ፣ የዘይት ፊልትሮው፣ የውኃ መግቢያው፣ ሁሉም። ጨርቅ ብቻውን አይበቃም፤ በቆርቆሮና በአሮጌ ጓርኒሲዮን የታሰረ ክዳን ይሻላል።

በጉልበት ማንሣት

የመጀመሪያው መንገድ መፋቂያ፣ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ነው። በካስት አይረኑ ላይ ጥሩ ይሠራል። ከቀለሙ ሌላ ምን ያነሳል? በመጀመሪያ አቧራ ያነሳል። በቆዩ የፀረ ዝገት ቀለሞች ውስጥ፣ በተለይም ቀይ ብርቱካን መልክ ባላቸው ውስጥ፣ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በአዳዲስ ቀለሞች ውስጥ የእርሳስ መጠን በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ አሮጌዎቹ ቀለሞች ግን ከዚህ እጅግ የላቀ መጠን ይይዙ ነበር። የእርሳስ አቧራ በልብስ ተይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ ከሁሉ የበለጠም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ በውኃ እየረጠበ ይፋቃል። ፍቅፋቂው በፕላስቲክ ላይ ይሰበሰባል፤ የሥራ ልብስም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም።

ሁለተኛ፣ ብሩሹ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይቧጥጣል። ከብሩሹ የሚቀሩ የብረት ቅንጣቶችም በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክተው በኋላ ይዝጋሉ። ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ልሙጥ ገጽ ላይ የሚሽከረከር ብሩሽም ሆነ ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ መድረስ የለበትም፤ እዚያ የተፈጠረ ጭረት ነገ የዘይት ወይም የውኃ መውጫ ይሆናል።

የዚህ መንገድ ኃይለኛ ወንድም አሸዋ በታመቀ አየር መርጨት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብሎኩን እንደ አዲስ ያበራዋል፤ ስለዚህም ብዙዎችን ያማልላል። እስቲ ልኩን እናስተያይ። በሞተር ውስጥ በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት በአብዛኛው ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው። አንድ መካከለኛ የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሲሰበር ከዚያ ያነሱ ስለታም ስብርባሪዎች ይወጡታል። በብሎኩ ውስጥ በሚያልፉት ቀጫጭን የዘይት መንገዶች ውስጥ ጥቂት ቅንጣቶች ቢቀሩ፣ ሞተሩ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ዘይቱ ተሸክሞ ወደ ብሮንዚኑ ያደርሳቸዋል። በውጭ ያማረው ሞተር በውስጥ ተበልቶ ያልቃል። አሸዋ የሚረጭበት ብሎክ ሙሉ በሙሉ የተፈታ፣ ከተረጨ በኋላም የዘይት መንገዶቹ ሁሉ ተከፍተው በረጅም ብሩሽ የሚታጠቡ መሆን አለበት። ተገጣጥሞ ያለ ሞተር ላይ አሸዋ መርጨት አይገባም።

ለሰውየውም እንዲሁ ነው። የአሸዋ ሲሊካ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለ፣ የማይድን የሳንባ ጠባሳ ያስከትላል። ብሪታንያ ከቅርጽ የወጡ ብረቶችን በአሸዋ መርጨት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ አስሉት።

በኮስቲክ ሶዳ ማንሣት

ሁለተኛው መንገድ ኮስቲክ ሶዳ ነው። አሠራሩ ግሩም ነው። የቆየው የዘይት ቀለም የተሠራው ከዕፀዋት ዘይት ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ዘይትን ወደ ሳሙና ይለውጣል። ስለዚህ ቀለሙ በመያዣው ውስጥ ሳሙና ሆኖ ይላቀቃል ማለት ይቻላል። በካስት አይረንና በብረት ላይ ይህ ዘዴ ርካሽና ውጤታማ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 100 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሶዳው ቀስ እያለ በውኃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳው ላይ አይፈስስም፤ አለዚያ ፈልቶ ይፈናጠራል። ዓይን ላይ የደረሰ ጠብታ ብርሃን ሊያሳጣ ስለሚችል ያለ መነጽርና ያለ ረጅም የጎማ ጓንት አይሠራበትም።

ከቀለሙ ሌላ ምን ያነሳል? አሉሚኒየምን ያነሳል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስሕተቴን ልናዘዝ። የላዳውን ብሎክ በኮስቲክ ሶዳ በደንብ ካጸዳሁ በኋላ፣ በውጤቱ ረክቼ የሰንሰለቱን ሽፋን ያንኑ በርሜል ውስጥ ከተትሁት። ፈሳሹ ወዲያው መንተክተክ ጀመረ። የመማሪያ መጽሐፉን እኩልታ አውቀው ነበር፤ በሰሌዳ ላይም ጽፌው አውቃለሁ። አንድ ግራም አሉሚኒየም በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲሟሟ ከአንድ ሊትር በላይ ሃይድሮጅን፣ ማለትም የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣዋል። ሽፋኑን በማግስቱ ጠዋት ሳወጣው ጠቁሮና ተቦርቡሮ ነበር፤ የመጋጠሚያ ገጹም ጓርኒሲዮን የሚይዝ አልሆነም። በርሜሉ አጠገብ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ስላልነበረ ኪሳራው በሽፋኑ አበቃ።

የተማርሁት ይህን ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ለካስት አይረንና ለብረት ብቻ ነው። ከእነዚህም ላይ ሲወጣ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ቀጥሎም አቼቶ በተቀላቀለበት ውኃ ይለቅለቅ። የቀረ ሶዳ ካለ አዲሱንም ቀለም ሳሙና ያደርገዋልና።

በፈሳሽ ማስለቀቂያ ማንሣት

የሰንሰለቱ ሽፋን ከተበላሸ በኋላ ለቴስታታው ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ከአንድ መደብር የቀለም ማስለቀቂያ ጣሳ ገዛሁ። መለያውን በጥንቃቄ አነበብሁ፤ «ለማንኛውም ብረት ተስማሚ» ይላል። እውነትም ነበር። ተደሰትሁ። ጥያቄዬ «ብረቱን ይበላል ወይ?» የሚል ነበርና መልሱን አግኝቻለሁ። በጣሳው ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን አላነበብሁም።

በጣሳው ውስጥ የነበረው ሜቲሊን ክሎራይድ ነበር። ይህ ፈሳሽ ቀለሙን በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያኮማትረዋል፤ አሉሚኒየሙን አይነካውም። ነገር ግን በባሕር ጠለል ከፍታ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውኃ በከተማችን በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ይህም ፈሳሽ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ይወርዳል። ለንባብ የሚቀርበው የአጠቃቀም መመሪያ የተጻፈው ለቆላ ከተሞች ነው፤ እኛ ዘንድ ትነቱ ይፈጥናል። ትነቱም ከአየር በሦስት እጥፍ ገደማ የሚከብድ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፣ እዚያም ይጠራቀማል።

አሁን የጋራዦቻችንን አሠራር አስቡ። በየጋራዡ ወለል ላይ መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ አለ። ክረምት ነበር። ዝናቡ ስላየለ የጋራዡ በር ተዘግቷል። ሞተሩ በፓራንኮ ተሰቅሎ ከጉድጓዱ በላይ ተንጠልጥሏል። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የመካኒኩ ረዳት፣ ከሥር በኩል ያለውን ለመፋቅ ጣሳውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጣሳውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አፉንም በጨርቅ እንዲሸፍን የመከርሁት እኔ ነኝ፤ ጨርቅ ለትነት ምንም እንደማያደርግ እያወቅሁ፣ ግን ሳላስብበት።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ስጠራው አልመለሰልኝም። ስመለከት ልጁ በጉድጓዱ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ መፋቂያው ከእጁ ወድቋል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን አያይም። ሦስት ሆነን ጎትተን አወጣነውና በሩን ከፍተን ዝናቡ ውስጥ አስተኛነው። ከደቂቃዎች በኋላ ተነፈሰ፤ አስመለሰው፤ ነቃ።

ያን ጊዜ ያልገባኝን አሁን ልንገራችሁ። ሜቲሊን ክሎራይድ በመጀመሪያ እንደ ማደንዘዣ ያዞራል። ቀጥሎም ጉበት ይህን ንጥረ ነገር ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለውጠዋል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲጨስ ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከሰውነት ውጭ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ስለሚመረት፣ ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ከወጣም በኋላ ለሰዓታት መመረቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው «ነቅቷል» ተብሎ ወደ ቤቱ አይላክም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። እኛ ወደ ቤቱ ነበር የላክነው። እግዚአብሔር ይመስገን በማግስቱ ሥራ ገባ።

ይቅርታ ልጠይቀው ብቻውን ጠራሁት። የመለሰልኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ቁርስ ሳልበላ ነበር የመጣሁት» አለኝ። የተማረው ሰው ጣሳውን ሰጠ፤ ያልተማረው ሰው ጥፋቱን በራሱ ሆድ ባዶነት አመካኘ። በየጋራዡ የራስ ምታትና ማዞር ያለባቸው ልጆች ምክንያቱን እንዲህ በራሳቸው ላይ እያሳበቡ እንደሚኖሩ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበትን የቀለም ማስለቀቂያ ለተራው ሸማች እንዳይሸጥ የሚገድብ ውሳኔ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለሸማቾች የሚደረገውን ሽያጭ በ2019፣ አብዛኛውን የቀረውን አጠቃቀም ደግሞ በ2024 ባወጣቸው ደንቦች ከልክሏል። ስለዚህ ጣሳ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ሜቲሊን ክሎራይድ ወይም ዳይክሎሮሜቴን የሚል ካያችሁ መልሱት፤ ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ስሞች ናቸው። የአቧራ መከላከያ ጭምብል ትነቱን አያግደውም፤ ተራውን ስስ ጓንትም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል።

ምትኩ አለ። በቤንዛይል አልኮል ላይ የተመሠረቱ ማስለቀቂያዎች አሉ። ዘገምተኞች ናቸው፤ ደቂቃ ሳይሆን ሰዓታት ይፈልጋሉ። በደረቁ አየራችን ፈሳሹ ቶሎ እንዳይደርቅ ከተቀባ በኋላ በላስቲክ መሸፈን ይጠቅማል። ማታ ቀብቶ፣ ሸፍኖ፣ ጠዋት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ማንሣት ነው። እነርሱም ቢሆኑ በር ተከፍቶ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ የሚሠራባቸው ናቸው። ማንኛውም ፈሳሽ ማስለቀቂያ ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ ሞተሩ ወደ ውጭ ይወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ የነካው ብረት በደንብ ሳይደርቅ ብየዳ አይቅረበው። በሙቀትና በብየዳ ጨረር ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ሊፈጠር ይችላልና።

ከተነሣ በኋላ

ቀለሙ ተነሥቶ የተራቆተ ካስት አይረን ለአየር እንደ ቁስል ነው፤ በእርጥብ ቀን በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ፤ ቀጭን የዝገት ሽፋን ከታየም በቀጭኑ የፎስፎሪክ አሲድ ማጽጃ ይታከም። አሲዱ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ እርሱም ቀለምን በደንብ ይይዛል።

ንጹሕ መሆኑን በዓይን አትፍረዱ፤ ውኃን ጠይቁ። በገጹ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውኃ አፍስሱ። ውኃው እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከቀረ ቅባት የለም። ተሰብስቦ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ግን ቅባት አለ፤ እንደገና ይታጠብ። በካስት አይረን ውስጥ ግራፋይትና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉ፣ የተደበቀ ዘይት ሲሞቅ ይወጣል። ስለዚህ ብሎኩን በፀሐይ ወይም በአምፖል ሙቀት አሙቆ እንደገና መጥረግ አይቅር።

ቀለሙም እንደ ቦታው ይመረጥ። የብሎኩ ውጭ በመደበኛ ሥራ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ 260 ዲግሪ ያህል የሚችል የሞተር ቀለም ይበቃዋል። የጭስ መውጫው ግን በመቶዎች ዲግሪ ይግላል፤ ለእርሱ በሲሊኮን ላይ የተመሠረተ ልዩ ቀለም ያስፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል።

ስለ ቁጥሩና ስለ ወንዙ

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የመጀመሪያው የሞተሩ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። የሚሽከረከር ብሩሽ፣ የአሸዋ ርጭት ወይም መሞረጃ ቁጥሩን ካደበዘዘው፣ ባለንብረቱ መኪናው የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። በዚያች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቀለሙ የሚነሣው በእጅ፣ በለስላሳ ብሩሽና በዘገምተኛው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ሥራው ሳይጀመርና ካለቀም በኋላ ፎቶግራፍ ይነሣ። ያገለገለ ሞተር የምትገዙም ሰዎች ከዚህ ትምህርት ውሰዱ። ወፍራም አዲስ ቀለም የተለበጠ ሞተር የሚያፈስበትን ቦታ፣ ስንጥቁንና ቁጥሩን ደብቆ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት በቁጥሩ ላይ ያለው ቀለም ይነሣላችሁ።

ሁለተኛው ዝቃጩ ነው። የእርሳስ ፍቅፋቂ፣ ያገለገለ ሶዳና ማስለቀቂያ በአብዛኛው የሚደፋው ከጋራዡ በር ፊት ባለው ቦይ ነው። የከተማችን ቦዮች ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣል፤ ያ አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ከሞተሩ ያነሣነው ነገር ወደ ማዕዳችን እንዳይመለስ ዝቃጩን በተዘጋ ዕቃ ማጠራቀምና ከተራው ቆሻሻ መለየት ቢያንስ ልንጀምረው የምንችለው ነገር ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ያ የላዳ ሞተር ተቀብቶ ለዓመታት በተማሪዎቼ ፊት ቆሟል። ብዙዎች ማማሩን አድንቀዋል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር በጉድጓዱ ደረጃ ላይ የተቀመጠውን ልጅ አስታውሳለሁ። ለብረቱ የጠየቅሁትን ጥያቄ ለልጁም ብጠይቅለት ኖሮ መልሱ በዚያው ጣሳ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ መሐንዲሶች፣ ነገ ለአንድ ረዳት ጣሳ ስትሰጡ መለያውን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በዚህ ያላችሁ ረዳቶችም፣ ራሳችሁን ሲያዞራችሁ ቁርስ ባለመብላታችሁ አታመካኙ፤ ውጡ፣ ለአለቃችሁም ንገሩ።